የማውጫ ዕዳ

በ1950ዎቹ መጀመሪያ (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) አንድ ትልቅ ድርጅት የደንበኞቹን ሒሳብ በኮምፒውተር ይያዝ ቢባል የሚያስቀምጠው በተበሳ ካርድ ወይም በማግኔት ቴፕ ላይ ነበር። ቴፕ የሚነበበው ከጫፍ እስከ ጫፍ ነው። መካከል ላይ ያለን አንድ ስም ለማግኘት ከፊቱ ያለውን ሁሉ ማሳለፍ ግድ ይላል። ያንኑ ስም ለመለወጥ ደግሞ ቴፑን በሙሉ ወደ ሌላ ቴፕ መገልበጥ ያስፈልጋል። ስለዚህ የየዕለቱ ለውጥ ይጠራቀምና በደንበኛ ቁጥር ይደረደራል፤ አሮጌው ቴፕና የለውጦቹ ዝርዝር ጎን ለጎን እየተነበቡ አዲስ ቴፕ ይወጣል። ማውጫ ቢሠራም የሚጠቅም አልነበረም፤ ቴፑ ቢነገረውም ዘሎ መሄድ አይችልምና።

አይቢኤም በሴፕቴምበር 1956 ራማክ 305 የተባለውን ማሽን ሲያስተዋውቅ ነገሩ ተለወጠ። ሳን ሆዜ፣ ካሊፎርኒያ ውስጥ በሬይኖልድ ጆንሰን የሚመራ ቡድን የሠራው ይህ ማሽን እያንዳንዳቸው 61 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያላቸው 50 ዲስኮች በአንድ ምሰሶ ላይ ተደርድረውለት ነበር። የሚይዘው በጠቅላላ 5 ሚሊዮን ቁምፊ ነው፤ ዛሬ በስልክ ከምናነሳው አንድ ፎቶግራፍ እምብዛም አይበልጥም። ነገር ግን የማንበቢያው ክንድ ከላይ ወደ ታች፣ ከዳር ወደ መሃል እየተንቀሳቀሰ የተፈለገውን መዝገብ በአማካይ ከአንድ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ያገኝ ነበር። መዝገብ አድራሻ ኖረው። አድራሻ ካለ ደግሞ «የእገሌ ሒሳብ እዚህ ቦታ ነው» የሚል ዝርዝር ማዘጋጀት ይቻላል። ማውጫ ማለት፣ ባለሙያዎቹ ዛሬም ኢንዴክስ የሚሉት፣ ይኸው ነው።

ያን ቀን አብሮት ዕዳው ተወለደ። ማውጫ መዝገቡ ውስጥ ያለውን ነገር በሌላ ቦታ፣ በሌላ ቅደም ተከተል ደግሞ የሚጽፍ ነው። መዝገቡ በተለወጠ ቁጥር እሱም መለወጥ አለበት፤ አለዚያ ወደሌለ ቦታ ይልካል፣ ወይም ያለውን «የለም» ይላል። ከዚያ ወዲህ ያለው የማውጫ ታሪክ፣ እኔ እንደማየው፣ የፍለጋ ታሪክ አይደለም። ፍለጋው ቀድሞ ተፈትቷል። ለስድሳ ዓመት ያከራከረው የለውጡን ሒሳብ ማን ይክፈል፣ መቼስ ይክፈል የሚለው ነው።

የ1960ዎቹ አጋማሽ መልስ አይሳም ይባላል፤ አይቢኤም ከሲስተም 360 ኮምፒውተሮቹ ጋር ያወጣው የፋይል አያያዝ ዘዴ ነው። መዝገቦቹ በቁልፋቸው፣ ማለትም በደንበኛ ቁጥር ወይም በዕቃ መለያ፣ ተደርድረው ዲስኩ ላይ ይጫናሉ። ለየክፍሉ «እስከዚህ ቁጥር ድረስ ያለው እዚህ ነው» የሚል አጭር ማውጫ ይሠራለታል፤ የማውጫዎቹም ማውጫ ከላይ ይቀመጣል። በተጫነ ቀን ፍለጋው ፈጣን ነው። ጣጣው የሚጀምረው በማግስቱ ነው። አዲስ ደንበኛ መጥቶ ቦታው ሞልቶ ከተገኘ መዝገቡ በተራው ይገባል፤ ከመጨረሻ ያለው ግን ተገፍቶ ወደ ትርፍ ማቆያ ይሄዳል። ቀጥሎ የሚገፋውም እንዲሁ ይሄዳል፤ አንዱ የሌላውን አድራሻ እየያዘ ሰንሰለት ይሆናሉ። የተሰረዘ መዝገብም አይወጣም፤ የመጀመሪያው ባይት ላይ ምልክት ተደርጎበት ቦታውን እንደያዘ ይቀራል። ወራት ሲያልፉ በሁለትና በሦስት ንባብ ያልቅ የነበረው ፍለጋ ሰንሰለቱን አንድ በአንድ መቁጠር ይሆናል። መድኃኒቱ አንድ ነበር፦ ሥራ አቁሞ ፋይሉን በሙሉ ማውረድ፣ የሞተውን ጥሎ ያለውን ማስተካከል፣ እንደገና መጫን። የለውጡ ሒሳብ በየጊዜው ይጠራቀምና ደንበኛ በሌለበት ሰዓት በአንድ ጊዜ ይከፈል ነበር ማለት ነው።

ቦይንግን የምናውቀው በአውሮፕላኑ ነው። በ1960ዎቹ መጨረሻ ግን ሲያትል ውስጥ የራሱ የሳይንስ ምርምር ላቦራቶሪ ነበረው፤ ሩዶልፍ ባየርና ኤድዋርድ ማክራይት የሚሠሩት እዚያ ነው። በጁላይ 1970 ትላልቅ ማውጫዎችን ስለማደራጀትና ለውጥ ሲመጣ ስለመጠበቅ አንድ የምርምር ዘገባ አወጡ፤ በዚያው ዓመት ኖቬምበር ሂውስተን ላይ በተካሄደ ጉባኤ አቀረቡት፣ በ1972 አክታ ኢንፎርማቲካ በተባለው መጽሔት ታተመ። ቢ-ትሪ የተባለው ዛፍ፣ ከአንድ ሥር እየተከፋፈለ እስከ ቅጠል የሚወርድ ማውጫ፣ እነሆ።

ዛፍ ለማውጫ መጠቀም አዲስ አልነበረም። በ1962 ሁለት የሶቪየት የሒሳብ ሊቃውንት፣ አዴልሰን-ቬልስኪና ላንዲስ፣ ራሱን የሚያመዛዝን ዛፍ አሳይተው ነበር። የነሱ ዛፍ ግን በየቅርንጫፉ አንድ ቁልፍ ብቻ የሚይዝ፣ ለኮምፒውተሩ የውስጥ ማኅደረ ትውስታ የሚስማማ ነው። ዲስክ ላይ እያንዳንዱ እርምጃ የክንድ ጉዞ ስለሆነ ያ አያዋጣም። ባየርና ማክራይት አንዱን ቅርንጫፍ የዲስክ ገጽ አደረጉት፤ በአንድ ንባብ የሚመጣ፣ ብዙ ቁልፍ የሚይዝ ገጽ። አንድ ገጽ 200 ቁልፍ ቢይዝ ሦስት ደረጃ ያለው ዛፍ እስከ 8 ሚሊዮን ቁልፍ ድረስ ይችላል፤ ፍለጋው ሦስት ንባብ ብቻ ነው።

ዋናው ብልሃት ግን ገጹ ሲሞላ የሚሆነው ነው። አይሳም የተረፈውን ወደ ማቆያ ይገፋ ነበር። እዚህ የሞላው ገጽ ለሁለት ይከፈላል። ግማሹ ቁልፍ አዲስ ገጽ ላይ ይሰፍራል፤ መካከለኛው ቁልፍ ወደ ላይ ወጥቶ በወላጁ ገጽ ላይ የድንበር ምልክት ይሆናል። ወላጁም ሞልቶ ከሆነ እሱም ይከፈላል፤ መከፈሉ እስከ ሥር ድረስ ሊዘልቅ ይችላል። ሥሩ ሲከፈል ከሱ በላይ አዲስ ሥር ይተከላል፣ ዛፉም በአንድ ደረጃ ከፍ ይላል። ስለዚህ ይህ ዛፍ የሚያድገው ከታች ወደ ላይ ነው፤ ቅጠሎቹ ሁሉ ዘወትር ከሥሩ እኩል ርቀት ላይ ይገኛሉ። ቁልፍ ሲሰረዝም ገጹ ከግማሽ በታች ከጎደለ ከጎረቤቱ ይበደራል፣ ወይም ሁለቱ ይዋሐዳሉ። ከሥሩ በቀር ከግማሽ በታች የሞላ ገጽ አይኖርም። አንድ መዝገብ ሲጨመር የሚነካው ጥቂት ገጽ ብቻ ነው፤ የክፍያው መጠን አስቀድሞ ይታወቃል፣ የሚከፈለውም እዚያው በዚያው ነው። ፋይል አውርዶ መጫን ቀረ።

የሙከራቸው ውጤት ዛሬ ሲነበብ ፈገግ ያሰኛል። በአይቢኤም 360/44 ኮምፒውተርና 2311 በተባለ ዲስክ 15,000 ቁልፍ ያለውን ማውጫ በሰከንድ በአማካይ 9 ጊዜ እየፈለጉ፣ እየጨመሩና እየሰረዙ መጠበቅ ቻሉ፤ 100,000 ቁልፍ ሲሆን ቢያንስ 4 ጊዜ። በዘመኑ ትልቅ ነገር ነበር። ከዚያ ባየር ወደ ሙኒክ ለማስተማር ሄደ፣ ማክራይት ወደ ዜሮክስ ምርምር ማዕከል። ዛፉ ግን በየቤቱ ገባ፤ ዳግላስ ኮመር በ1979 በጻፈው የዳሰሳ ጽሑፍ የትም የማይታጣ ብሎ እስከመሰየም ደረሰ።

በዚያው በ1970፣ በጁን፣ የአይቢኤሙ ኤድጋር ኮድ የዳታቤዝን ዓለም የገለበጠውን ጽሑፍ አሳተመ። ስለ ጽሑፉ ብዙውን ጊዜ የሚነገረው መረጃ በሰንጠረዥ ይቀመጥ ማለቱ ነው። ውስጡ ግን ስለ ማውጫ አንድ አጭር ክፍል አለ፣ ሰውም ያልፈዋል። ኮድ ያነሳው ነጥብ እንዲህ ነው፦ ማውጫ ከመረጃ አንጻር ትርፍ ነገር ነው፤ ቢጠፋ ከእውነቱ የሚጎድል የለም። ፍለጋን ያፋጥናል፣ መጨመርንና መሰረዝን ያዘገያል። እንግዲያው ማውጫ ዛሬ ቢሠራ፣ ነገ ቢፈርስ ፕሮግራመሩ የጻፈው ፕሮግራም ሳይነካ መቀጠል መቻል አለበት። ያን ጊዜ ከነበሩት ሥርዓቶች ይህን የማያሟሉ ነበሩ። በነሱ ላይ ፕሮግራሙ ማውጫውን በስሙ ይጠራ ስለነበር ማውጫው ሲፈርስ ፕሮግራሙም አብሮ ይወድቅ ነበር።

አይቢኤም የኮድን ሐሳብ ለመሞከር ከ1974 ጀምሮ ሳን ሆዜ ላይ ሲስተም አር የተባለውን ሠራ። ተጠቃሚው የሚፈልገውን ብቻ ይናገራል፤ በየትኛው ማውጫ እንደሚሄድ ማሽኑ ይመርጣል፤ መዝገብ ሲለወጥም ማውጫዎቹን ሁሉ ማሽኑ ራሱ ያስተካክላል። ፕሮግራመሩ ከማውጫ ጥበቃ ነጻ ወጣ። ከዚህ ታሪክ ሁሉ እኔን የሚያስደስተኝ ክፍል የሚመጣው እዚህ ላይ ነው።

ደመወዛቸው ከ25,000 ዶላር በታች ለሆነ ሠራተኞች ሁሉ 10 በመቶ ጭማሪ ይደረግ የሚል ትእዛዝ ተሰጠ። ማሽኑ ያለ አንዳች የስህተት መልእክት ሥራውን ጨረሰ። ሰንጠረዡ ሲታይ ግን ከ25,000 በታች የሚያገኝ አንድም ሠራተኛ አልቀረም። ምን ሆነ? ማሽኑ ጎበዝ መስሎት መንገዱን በደመወዝ ማውጫው ላይ አደረገ፣ ከትንሹ ወደ ትልቁ። 20,000 የሚያገኘውን አገኘና 22,000 አደረገው። ደመወዙ ስለተለወጠ ማውጫው፣ እንደ ግዴታው፣ ወዲያው ተስተካከለ፤ ሰውየው ከኋላ ተነስቶ ወደ ፊት ተቀመጠ። ማሽኑ ወደ ፊት ሲሄድ እንደገና አገኘው፤ 24,200። ደግሞ ወደ ፊት፤ 26,620። ገደቡን አልፎ ዳነ። ማውጫው አንዳች አላጠፋም፣ ለውጡን በሰዓቱ መዝግቧል። ጥፋቱ ለውጡ በሚመዘገብበት መስመር ላይ እየሄዱ መለወጥ ነው።

ይህን ያስተዋሉት የሲስተም አር ተመራማሪዎች ፓት ሴሊንገርና ሞርተን አስትራሃን ወደ ባልደረባቸው ዶን ቻምበርሊን ቢሮ ሄደው ነገሩት። ቻምበርሊን ከዓመታት በኋላ እንደተረከው ዕለቱ ዓርብ፣ በዓሉም ልጆች ጭምብል አጥልቀው ከረሜላ የሚለምኑበት ሃሎዊን ነበር። ዛሬ ከሰዓት አንፈታውም፣ ስም ሰጥተነው ለሚቀጥለው ሳምንት እናቆየው ተባባሉ። የሃሎዊን ችግር ተብሎ ቀረ። ያገኙለት ፍቺ ማሽኑ መንገድ ሲመርጥ እየተለወጠ ባለው ዓምድ ማውጫ ላይ እንዳይሄድ መከልከል ነው፤ በኋላ የመጡት ሥርዓቶች ደግሞ የሚለወጡትን መጀመሪያ ለይተው ይጽፉና ከዚያ ይለውጣሉ። የዳታቤዝ አምራቾች ለዚህ ያቆሙት ጥበቃ ዛሬም በሃሎዊን ስም ይጠራል። ያን ቀን የተገኘው ጭማሪ ለሠራተኞቹ በእርግጥ ቢከፈል ኖሮ ማንም እንደ ችግር የሚያየው አይመስለኝም።

1980ዎቹ የመጨናነቅ ዘመን ናቸው። አንድ ባንክ ያለው አንድ ተጠቃሚ ሳይሆን መቶ ተጠቃሚ ነው፤ አንዱ ገጽ እየከፈለ ሳለ ሌላው ሊያነብ ይመጣል። ከቁልፎቹ ግማሹ ወደ አዲሱ ገጽ ሄዷል፤ ወላጁ ግን ገና አልሰማም። አንባቢው በወላጁ ተመርቶ ወደ አሮጌው ገጽ ይደርሳል፣ የሚፈልገውን ያጣል፣ «የለም» ብሎ ይመለሳል። ከላይ እስከ ታች መቆለፍ ይቻላል፤ ያኔ ግን ሁሉም ይሰለፋል። ፊሊፕ ሌማንና ቢንግ ያኦ በ1981 ያሳዩት መላ ቀላልነቱ ያስደንቃል፦ እያንዳንዱ ገጽ የቀኝ ጎረቤቱን አድራሻና ራሱ የሚይዘውን ትልቁን ቁልፍ ይጻፍ። አንባቢው የሚፈልገው ከዚያ ወሰን በላይ ከሆነ ገጹ እንደተከፈለ ያውቅና ወደ ቀኝ ይሻገራል። ወላጁ በኋላ ቢሰማም ግድ የለም። ፖስትግሬስ የተባለው ዳታቤዝ ዛሬ የሚጠቀመው ከዚህ የተወሰደ ዘዴ ነው።

ኤሌክትሪክ ቢጠፋስ? ገጹ ተከፍሎ ወላጁ ሳይነገረው ማሽኑ ቢወድቅ ማውጫው ተሰባብሮ ይቀራል። የዚህን መፍትሔ በአይቢኤም አልማደን የምርምር ማዕከል ሲ. ሞሃንና ባልደረቦቹ ኤሪስ በተባለው የመልሶ ማገገም ዘዴ እስከ 1992 ድረስ ጥርት አድርገው አወጡት። ለውጥ ሁሉ ገጹ ዲስክ ላይ ከመጻፉ በፊት የሥራው ሁሉ ዝርዝር በሚጻፍበት መዝገበ ሥራ ላይ ይሰፍራል። ለማውጫ ደግሞ ልዩ ሕግ ወጣ፦ አንድ ሰው የጨመረውን መዝገብ ሐሳቡን ቀይሮ ቢሰርዘው ቁልፉ ከማውጫው ይወጣል፣ በቁልፉ ምክንያት የተከፈለው ገጽ ግን እንደተከፈለ ይቆያል። ክፍፍሉን መመለስ አያስፈልግም፤ በዚያ መካከል ሌሎች ሰዎች በሁለቱ ገጾች ላይ ጽፈዋልና መመለሱ የነሱን ሥራ ያጠፋል።

እስከዚህ ድረስ ስምምነቱ አንድ ነበር፦ መዝገቡ ሲለወጥ ማውጫውም ያኔውኑ ይለወጥ። በ1996 ይህን የሚጠይቅ ጽሑፍ መጣ፤ የታተመውም የቢ-ትሪ ጽሑፍ በወጣበት በዚያው በአክታ ኢንፎርማቲካ ላይ ነው። ከማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ ቦስተን ፓትሪክና ኤልሳቤጥ ኦኒል፣ ከነሱ ጋር ኤድዋርድ ቼንግና ዲተር ጋውሊክ፣ አንድ የባንክ ምሳሌ አቀረቡ። ገንዘብ ሲገባና ሲወጣ የሚመዘገብበት የታሪክ ፋይል አለ፤ አዲሱ ሁልጊዜ ከመጨረሻ ስለሚጻፍ ርካሽ ነው። የአንድን ደንበኛ የቅርብ እንቅስቃሴ ለማየት በሒሳብ ቁጥር ማውጫ ይሠራለት ቢባል ግን እያንዳንዱ ግብይት በዛፉ ውስጥ የተለያየ ቅጠል ይነካል፤ የዲስኩ ክንድ በየአቅጣጫው ይሮጣል። በስሌታቸው የግብይቱ የዲስክ ሥራ እጥፍ ይሆናል፤ የሥርዓቱም ጠቅላላ ዋጋ እስከ 50 በመቶ ይጨምራል።

ያቀረቡት ዛፍ ኤልኤስኤም ይባላል። አዲሱ ቁልፍ መጀመሪያ በማኅደረ ትውስታ ውስጥ ትንሽ ዛፍ ላይ ይገባል። ያ ሲሞላ ተደርድሮ እንዳለ በአንድ ረጅም ጽሑፍ ዲስክ ላይ ይወርዳል፤ ከዚያ በጀርባ በኩል ከቀደሙት ጋር ይዋሐዳል። መሰረዝም ቢሆን መጻፍ ነው፤ «ይህ ሞቷል» የሚል ምልክት ይጻፍና ውሕደቱ ሲደርስበት ሁለቱም ይጠፋሉ። ልብ ብሎ ላየው ይህ የ1950ዎቹ ቴፕ ነው፦ የተጠራቀመ ለውጥ፣ ተደርድሮ፣ ከአሮጌው ጋር እየተነበበ፣ አዲስ ይወጣል። ልዩነቱ ሥራ አለመቆሙ ብቻ ነው።

ሐሳቡ አሥር ዓመት ያህል ተኝቶ ጉግል በ2006 ቢግቴብል ስለተባለው ዳታቤዙ ሲጽፍ ነቃ፤ ቀጥሎ በፌስቡክ የተጀመረው ካሳንድራ፣ በ2011 ሌቭልዲቢ፣ ከሱም የተወለደው ሮክስዲቢ መጡ። የዘገየ ክፍያ የራሱ ወለድ አለው። ካሳንድራ መረጃውን በብዙ ማሽኖች ላይ ስለሚያባዛ የሞት ምልክቱን ወዲያው መጣል አይችልም፤ አንዱ ማሽን ጠፍቶ ቆይቶ ቢመለስና ምልክቱን ካልሰማ የተሰረዘውን መዝገብ ሕያው ነው ብሎ ለሌሎቹ ያድላቸዋል። ስለዚህ ካልተለወጠ በቀር ምልክቱ ለ10 ቀን ይጠበቃል።

በሌላ በኩል ፖስትግሬስ አለ፤ ማይክል ስቶንብሬከር በበርክሊ ከ1986 ጀምሮ የሠራው ሥርዓት ልጅ። በፖስትግሬስ መዝገብ ሲለወጥ አሮጌው አይደመሰስም፤ አዲስ ቅጂ ሌላ ቦታ ይጻፋል፣ አሮጌውን ገና እያነበበ ያለ ሰው እንዳይታወክ። ማውጫ ደግሞ የሚያመለክተው ቦታን ነው። ቦታው ከተለወጠ አንድ ስልክ ቁጥር ብቻ ቢቀየርም በሰንጠረዡ ላይ ያሉት ማውጫዎች ሁሉ፣ የስሙም፣ የቀኑም፣ የከተማውም፣ አዲስ ጠቋሚ ያሻቸዋል። በፌብሩዋሪ 2008 የወጣው 8.3 ይህን አቃለለ፦ የተለወጠው ዓምድ በየትኛውም ማውጫ ውስጥ ከሌለና በዚያው ገጽ ቦታ ካለ አዲሱ ቅጂ ከአሮጌው ጋር ይሰነሰላል፣ ማውጫዎቹ አይነኩም። ዓምዱ በአንዲት ማውጫ እንኳ ካለ ግን ሁሉም ይከፍላሉ። ኡበር በጁላይ 2016 ፖስትግሬስን ትቶ ማይኤስኪውኤል ወደተባለው ሌላ ዳታቤዝ መሄዱን ሲያስረዳ ዋና ካደረጋቸው ምክንያቶች አንዱ ይህ ነው፤ 12 ማውጫ ባለው ሰንጠረዥ አንዷ የምትመለከተው ዓምድ ሲለወጥ 12ቱም ይጻፋሉ። በማይኤስኪውኤል የሚሠራው ኢንኖዲቢ ግን ማውጫዎቹ ቦታን ሳይሆን የመዝገቡን ዋና ቁልፍ ስለሚይዙ አይናወጡም፤ በምትኩ በነዚህ ማውጫዎች በኩል የሚደረግ ፍለጋ ብዙውን ጊዜ ሁለት ዛፍ ይወርዳል። ክርክሩ ጦፎ ነበር። ሁለቱም ወገን ልክ ነበር ባይ ነኝ፤ አንዱ ዋጋውን ከጸሐፊው ይቀበላል፣ ሌላው ከአንባቢው።

በኦገስት 2018 የመጣው ችግር ግን የገባው ማንም ባልጠበቀው በር ነው። ሊኑክስ የሚጠቀምበት ጂሊብሲ የተባለው መሠረታዊ ቤተ መጻሕፍት 2.28 ሲወጣ የፊደላትና የምልክቶች አሰላለፍ ደንቡ ታደሰ። በአሜሪካ እንግሊዝኛ ደንብ ቀድሞ «11» ከ«1-1» ይቀድም ነበር፤ አሁን ተገለበጠ። ፖስትግሬስ የጽሑፍ ቅደም ተከተልን ከዚያ ቤተ መጻሕፍት ነበር የሚጠይቀው። ሰርቨሩ ሲታደስ አንድም መዝገብ አልተነካም፤ ቢሆንም ማውጫዎቹ በአሮጌው ደንብ ተሰልፈው፣ ፈላጊው በአዲሱ ደንብ እየሄደ፣ ያለው መዝገብ «የለም» መባል ጀመረ፤ ድርብ እንዳይገባ የተከለከለውም ድርብ ሆኖ ገባ። የስህተት መልእክት የለም። በ2024 የወጣው ፖስትግሬስ 17 ከውጭ ቤተ መጻሕፍት ሳይጠይቅ በቁምፊዎቹ ቁጥር ብቻ የሚያሰልፍ የራሱን ደንብ አብሮ ይዞ መጥቷል።

ለአማርኛ ይህ ክፉ አይደለም። የግዕዝ ፊደል በ1999 ዩኒኮድ ሲገባ የተቀመጠው በሀ ሁ ቅደም ተከተል ስለሆነ በቁጥር ማሰለፍ የለመድነውን ተራ ያስጠብቃል። የሚቀረው ጣጣ ድምፃቸው አንድ የሆነው ፊደላት ናቸው፤ ኃይሌና ሀይሌ፣ ፀሐይና ጸሀይ ለማሽኑ አራት የተለያዩ ቁልፎች ናቸው። ብዙ ፕሮግራመሮች ሐንና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ የሚመልስ ደንብ ይጽፉና ማውጫውን በዚያ ላይ ይሠራሉ። ፖስትግሬስ እንዲህ ያለ ማውጫ የሚፈቅደው ደንቡ የማይለወጥ ነው ብሎ ፕሮግራመሩ ቃሉን ሲሰጥ ነው፤ ቃሉን አይመረምርም። አንዱ ኸን ረስቶ ኖሮ ከዓመት በኋላ ትዝ ሲለው ደንቡ ላይ አንድ መስመር ቢጨምር ማውጫው አይሰማም። በአሮጌው ደንብ የገቡት ስሞች እዚያው ይቆያሉ፣ አዲሶቹ በአዲሱ ይገባሉ፤ ሰውየው ማውጫውን በእጁ እንደገና ካልሠራው በቀር።